ልጃችሁ ፊደል አልይዝ ካለው ከየት ትጀምራላችሁ? ወሎ ላላችሁ ወላጆች

ልጄ ሶስተኛ ክፍል እያለ አንድ ማታ ደብተሩን ከፍቼ «እናቴ ቤት አለች» የምትለዋን አንብብልኝ አልኩት። «እናቴ ሴት አለች» አለኝ። ደግመህ እያት እስቲ አልኩት፣ ጣቱን ከስሯ አድርጎ ትክ ብሎ አያትና አሁንም «ሴት»። ቀና ብዬ ሳየው ግንባሩን አልቦታል፣ ያውም በታኅሣሥ፣ በደሴ ብርድ። ይሄ ልጅ እኮ ሀ ሁን ከላይ እስከ ታች በዜማ ሲያወርደው ጎረቤት ቆሞ የሚያዳምጠው ልጅ ነው፣ መንዙማ አንዴ ከሰማ አይረሳም፣ ሱቅ ልኬው የሶስት ሰው እቃ በቃሉ ይዞ መልሱን ሳያዛንፍ ያመጣል። ታዲያ «ቤት» እንዴት ያቅተዋል?

ከዛ በኋላ አንድ አመት ከምናምን አባክነናል። ያባከነን ደሞ ልጁ ምን እንዳለበት ስሙን የሚነግረን ሰው ፍለጋ ነው። ስሙ ካልታወቀ ምንም መጀመር አይቻልም ብለን ነበር ያሰብነው። ኋላ ላይ አንድ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ቁጭ አድርጎ ሲያስረዳኝ ነው የገባኝ፤ ሐኪሞች የመማር እክል አለበት ብለው ለመወሰን ራሱ ልጁ ላይ ያተኮረ እርዳታ እየተሰጠው ችግሩ ቢያንስ 6 ወር መቆየቱን ማየት አለባቸው። ማለት እርዳታው ነው የሚቀድመው። እናንተ ቤት ውስጥ ዛሬ የምትጀምሩትና የምትመዘግቡት ነገር ነገ ለምርመራውም ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ማንንም አትጠብቁ። እኔ ያለፍኩበትንና የተማርኩትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፦ ስንፍና አለመሆኑን ለራሳችሁ አሳምኑ

ይሄን አጭር አደርገዋለሁ። የማንበብ እክል፣ ዲስሌክሲያ የሚሉት፣ ከጭንቅላት ብሩህነት ጋር አይገናኝም፣ በጣም ጎበዝ ልጅም ሊኖረው ይችላል፣ በዘር የመሄድ ነገርም አለው፤ የልጁ አባት ወይ አጎት ልጅ እያሉ ትምህርት እንዴት እንደነበሩ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ሲጠቀስ የምትሰሙት ቁጥር ከመቶ ልጅ ከ5 እስከ 10 ነው፣ በ60 ልጅ ክፍል ውስጥ ከ3 እስከ 6 ማለት ነው፣ ስለዚህ ልጃችሁ ብቻውን አደለም። ሂሳብ ላይ ብቻ የሚቸገር አለ፣ መጻፍ ላይ ብቻ የሚቸገር አለ፣ ትኩረቱ አልሰበሰብ ብሎት የሚቸገር አለ፣ ሁለቱ ሶስቱ ተደርቦበት የሚመጣም አለ። አርጩሜ አንዱንም አያስተካክልም። እኔ መትቼዋለሁ፣ እስከዛሬ ይቆጨኛል፣ ከዛ በኋላ ደብተር ባየ ቁጥር ሆዴን አመመኝ ማለት ነው የጀመረው፣ እሱን ለመመለስ ደሞ ሌላ ወራት ፈጀብን።

ሁለተኛ፦ አንድ ደብተር ግዙና የምታዩትን ጻፉ

«ትምህርት አይገባውም» ብላችሁ ብትሄዱ ማንም ምንም አያረጋችሁም፣ መምህሩም «አይዞሽ ሲያድግ ይተወዋል» ይላል። ግን «በ እና ሰ ይምታቱበታል፣ ከሰሌዳ ሲገለብጥ መስመር ይዘላል፣ በቃል ከጠየቅኩት ሳይንሱን በደንብ ይመልሳል፣ ወረቀት ላይ ግን ባዶ ነው» ካላችሁ ሰው ይሰማችኋል። ለሁለት ለሶስት ሳምንት በየቀኑ ሁለት መስመር ብቻ ጻፉ፣ ቀኑን፣ ምን እየሰራ እንደነበር፣ የቱ ጋ እንደተያዘ። የድሮ ደብተሮቹን አትጣሉ፣ የጽህፈት ፈተናውን በሞባይል ፎቶ አንሱት።

አንድ ትልቅ ነገር ልንገራችሁ፤ ሀ ሁ በዜማ መውረድ ማንበብ አደለም! እኛን ያታለለን እሱ ነው። ከየኔታ ዘንድም ሆነ ቁርዓን ቤት ጆሮው ጎበዝ የሆነ ልጅ በቃሉ ይዞት ገጹን እያየ «ያነበዋል»። ለመለየት እንዲህ አድርጉ፦ ወረቀት መሃል ላይ አንድ ፊደል ብቻ የምታሳይ ትንሽ ቀዳዳ ቅደዱ፣ የፊደል ገበታው ላይ አስቀምጡና ከተለያየ ቦታ 20 ፊደል እያወጣችሁ ጠይቁት። ከሀ ጀምሮ በሆዱ እየቆጠረ ደርሶ ከነገራችሁ እሱንም ጻፉ። የኔ ልጅ ያን ቀን ከ20 ያወቃት 7 ናት፣ አራተኛውን ፊደል ለመመለስ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከላይ ጀምሮ ሲወርድ አየሁት፣ ሶስት አመት ሙሉ እንዲህ ነበር የኖረው ማለት ነው። እያንዳንዷ ፊደል ጋ ለመድረስ ሙሉ መንገድ ሲመላለስ። አንጀቴ ነው የተላወሰው።

ሌላው የሚታይ ነገር የትኞቹ ናቸው የሚምታቱት የሚለው ነው። መልካቸው የሚቀራረብ ነው (በ እና ሰ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ጠ እና ጨ) ወይስ የፊደሉን ቤት ያውቅና ካዕቡን ከሳልሱ (ቡን ከቢ) ነው የሚያምታታው? ወይስ ፊደሉን አንድ በአንድ እያወቀ ቃል አድርጎ መግጠም ነው ያቃተው? ሶስቱ የተለያየ እርዳታ ነው የሚፈልጉት።

ሶስተኛ፦ ጆሮና አይን ሳይታይ ሌላ ነገር አታስቡ

የጤና መድህን ካላችሁ በቀጥታ ሆስፒታል አትሂዱ፣ ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ ሪፈር ይዛችሁ ሂዱ፣ ያለበለዚያ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ። ጤና ጣቢያ ስትደርሱ «ልጄ ትምህርት አልገባው አለ» ብቻ ብላችሁ አትቁሙ፤ አይኑ ይታይልኝ፣ ጆሮው ይታይልኝ፣ የደም ማነስ ይታይልኝ፣ ሰገራ ይታይልኝ በሉ።

ጆሮው በልጅነቱ መግል ይወጣው ከነበረ ወይ ቴሌቪዥን ጠጋ ብሎ ከሆነ የሚያየው ተናገሩ። ቤት ውስጥ ከኋላው አንድ ክንድ ያህል ርቃችሁ በሹክሹክታ ሶስት ቃል በሉና ይድገምላችሁ፣ በሁለቱም ጆሮ ተራ በተራ። አይኑን ለማየት ደሞ ፊደል የማያውቅ ልጅ ፊደል በማስነበብ አይመረመርም፣ ወደ አራት አቅጣጫ የተዟዟረ ሹካ የመሰለ ምልክት ያለበት ሰሌዳ አለ፣ ልጁ በእጁ ወዴት እንደዞረ ያሳያል፣ እሱን ጠይቁ። ደሴ አካባቢ ላላችሁ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለአይን ህክምና የቆየ ስም ያለው ነው።

እዚህ ጋ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ልጃችሁ መሃል ላይ ወሬውን አቋርጦ ለጥቂት ሰከንድ ፈዞ ከቆየና ስትጠሩት የማይሰማ ከሆነ፣ ከዛ ምንም እንዳልተፈጠረ ካቆመበት ከቀጠለ፣ እሱ ሃሳብ አደለም፣ አንድ አይነት የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል፣ መውደቅም መንፈራገጥም የሌለው። በቀን ብዙ ጊዜ ሊመጣ ይችላል፣ መምህሩ «ይፈዛል» ይለዋል፣ ትምህርቱ መሃል መሃሉ እየተቆረጠ ነው የሚደርሰው። መድኃኒት አለው። በሞባይል ቪዲዮ ቅረጹና ለሐኪሙ አሳዩ፣ ቪዲዮው ከመቶ ቃል ይበልጣል። ሲወለድ ምጥ በዝቶበት ከነበረ፣ ማጅራት ገትር ወይ የሚያንዘፈዝፍ ከባድ ትኩሳት አሞት ከነበረም አትርሱ። ደጋ ላይ ያላችሁ አዮዲን ያለበት ጨው እየተጠቀማችሁ መሆኑን ደሞ አረጋግጡ፣ እንቅርት ብቻ አደለም የአዮዲን እጥረት የሚያመጣው፣ የልጅ ጭንቅላትም ይጎዳል።

አራተኛ፦ ያመለጠውን ትምህርት ከእክል ለዩ

ይሄ ለኛ ለወሎዎች በተለይ ነው። መጋቢት 2012 በኮሮና ተዘጋ፣ በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ወልድያን፣ በ2014 ደሞ ደሴንም ኮምቦልቻንም አዳረሰ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘረፈ፣ ተፈናቅለን ሄድን መጣን፣ ከዛም በኋላ መንገድ ሲዘጋ ትምህርት ሲቋረጥ ነው የከረመው። አንደኛ ክፍልን በቅጡ ያልተማረ ልጅ አራተኛ ላይ ባያነብ ምን ይገርማል? ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ትምህርት ያመለጠው ልጅ በደንብ ሲያስተምሩት በጥቂት ወር ውስጥ ሲራመድ ይታያል፣ እክል ያለበት ግን ዛሬ የያዛትን ነገ ያጣታል፣ እኩል የተማሩት እህቶቹ ሲያልፉት እሱ እዛው ነው። እሱንም ቢሆን ሳትረዱት ማወቅ አትችሉም። ጥይት ሰምቶ ሌሊት የሚባንን ልጅ ደሞ እሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፣ ለሐኪሙ ንገሩ።

ቋንቋም እዩ። ከከሚሴ ወይ ከባቲ በኩል በኦሮምኛ ሲማር ቆይቶ ደሴ የገባ ልጅ ፊደሉም ቋንቋውም ነው የተቀየረበት፣ ለሱ ጊዜና ማስተማር እንጂ ምርመራ አደለም መጀመሪያ የሚያስፈልገው።

አምስተኛ፦ ቤት ውስጥ በቀን 15 ደቂቃ

በቀን 15 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ከበላ በኋላ፣ እንደተመለሰ ደክሞት አደለም። ታይመር ሙሉ፣ ሲጮህ አቁሙ፣ ደስ ብሎት «እንጨምር» ቢላችሁም አቁሙ፣ ነገም እንዲመጣ። ሁለት ሰአት ይዛችሁት ብታለቅሱ ብታስለቅሱት ምንም አይገባም።

ከሀ አትጀምሩ። ዜማው ይመጣበትና እዛው ትመለሳላችሁ። መልካቸው የማይመሳሰል አራት ቤት ምረጡ፣ እኛ በ፣ መ፣ ረ፣ ገ ብለን ነው የጀመርነው፣ ምክንያቱም ቶሎ ቃል ይሆናሉ፦ በር፣ በግ፣ ማር። በ ሳይጸና ሰን አታምጡ፣ የሚምታቱ ሁለት ፊደሎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይሄ እንዲህ ነው ያ እንዲያ ነው» ማለት ይብስ ያደባልቅበታል፣ አንዱ እንደ ስሙ ሲሆንለት ነው ሌላው የሚገባው።

ሰፌድ ላይ ዱቄት በተን አድርጉና በጣቱ ይጻፍ፣ ሲጽፍ ድምጹን ጮክ ብሎ ይበል፣ አፉም ጣቱም አይኑም አንድ ላይ ይስሩ። እናቴ መጀመሪያ ዱቄት ላይ ሲጫወት አይታ «የአላህን ሪዝቅ!» ብላ ተቆጥታን ነበር፣ ከዛ በአሸዋ ቀየርነው፣ እንደውም አሸዋው ይሻላል ይሻክራል። ከሳሙና ካርቶን ካርድ ቆርጡ፣ አንድ ካርድ ላይ አንድ ፊደል፣ ያወቃት በስተቀኝ ያላወቃት በስተግራ፣ በየቀኑ የቀኙ ሲወፍር ራሱ ያየዋል።

ቤቱን ሲያውቅ ወደ ቅጥያው ሂዱ፣ ግን ህጉን አሳዩት። ካዕብ ብዙ ጊዜ በቀኝ መሃሉ ላይ ሰረዝ ያወጣል፣ ቡ፣ ሙ፣ ጉ። ሃምስ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል፣ ቤ፣ ሜ፣ ጌ። እኛ በቃላችን ስለያዝነው ይሄን ህግ አይተነው አናውቅም፣ እንደዚህ አይነት ልጅ ግን 231 የተለያየ ስዕል በጭንቅላቱ መሸከም አይችልም፣ 33 ቤትና ስድስት የቅጥያ ምልክት ግን ይችላል። ህጉን የሚጥሱትን፣ እንደ ሩ እና ፉ ያሉትን፣ ለብቻ «አመጸኞቹ» ብላችሁ አስቀምጡ። ሳድስ (ብ፣ ም፣ ግ) ላይ ትቸገራላችሁ፣ ሳድስ ወጥ ህግ የለውም፣ እሱን ቀስ።

ማንበብ ሲጀምር ከሚያነበው መስመር በታች ያለውን በወረቀት ሸፍኑ። ቃል ሲይዘው ሶስት ሰከንድ ጠብቁና ንገሩት፣ ማስጨነቅ የለም። አማርኛ ደሞ ጠብቆ ላልቶ ስለማይጻፍ («ገና» «ገና አልመጣም» የሚባለው ነው ወይስ የገና በዓል?) ታሪኩ ካልገባው ልክ አድርጎ ቢያነበውም አይገጥምለትም፣ ስለዚህ መጀመሪያ እናንተ አንብቡለት ከዛ እሱ።

በየሁለት ሳምንቱ ያንን የ20 ፊደል ቴስት ድገሙና ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ጻፉ። እኛ ከ7 ወደ 15 ለመድረስ ሶስት ወር ፈጅቶብናል። መሃል ላይ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ወርዷል፣ አብሽሩ፣ ይወርዳል።

ስድስተኛ፦ ትምህርት ቤት

ሰርተፍኬት የሚሰጥበት ቀን አትሂዱ፣ ሰልፍ ነው ማንም አይሰማችሁም። በአዘቦት ቀን ሆም ሩም መምህሩን ብቻውን ያዙት፣ ደብተራችሁን ይዛችሁ። አነጋገራችሁ ለክስ አይሁን፤ «መምህር፣ ልጄ እዚህ ጋ እንዲህ ይሆንብኛል፣ እርስዎ ክፍል ውስጥ ምን ያያሉ?» በሉት። መምህሩ 60 ልጅ ይዞ ነው የሚውለው፣ ብዙዎቹ ቅን ናቸው፣ የሚጠሉት ጥፋተኛ መደረግን ነው። እኔን በመጀመሪያው ትምህርት ቤት «ልጅሽ እዚህ አይሆንም ሌላ ቦታ ውሰጂው» ያለኝ ሰው ነበር፣ አልቅሼ ነው የወጣሁት፣ ሁለተኛው ጋ ግን መምህርቷ ደብተሬን ገልጣ አይታ «እኔም አስተውዬው ነበር» አለችኝና ከዛ ቀን ጀምሮ ከፊት አስቀመጠችው።

የምትጠይቁትን ለይታችሁ ሂዱ፣ ገንዘብ የማያስወጣ ይሁን፦ ከፊት ይቀመጥ፣ ድንገት አስነስተው ክፍል ፊት አያስነብቡት፣ ከሰሌዳ ያልጨረሰውን ከጓደኛው ደብተር ይገልብጥ፣ ሳይንስና ግብረገብ ላይ የፈተናው ጥያቄ ይነበብለትና በቃሉ ይመልስ፣ ፊደል ስለገደፈ የሳይንስ ማርኩ አይቆረጥ፣ ፈተና ላይ ትንሽ ደቂቃ ይጨመርለት። ከዛ ደሞ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፤ እዚህ የልዩ ፍላጎት መምህር አለ ወይ? ከሌለ በጉድኝቱ (አንድ ላይ በተቧደኑት የአካባቢው ትምህርት ቤቶች) ውስጥ የድጋፍ መስጫ ማዕከል ያለው ትምህርት ቤት የቱ ነው? ሁሉም ትምህርት ቤት የለውም፣ የጉድኝት ሱፐርቫይዘሩ ግን ያውቀዋል።

በቃል የተባለ ነገር መምህር ሲቀየር ይጠፋል። ማመልከቻ ጻፉ፣ እንዲህ አይነት ይበቃል፦

«ለ…… ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር። ጉዳዩ፦ ለልጄ የትምህርት ድጋፍ እንዲደረግለት ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው ልጄ …… በት/ቤቱ 4ኛ ሀ ክፍል የሚማር ሲሆን በማንበብና በመጻፍ ላይ የቆየ ችግር አለበት። የማየትና የመስማት ምርመራ የተደረገለት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ … ገጽ አያይዤ አቅርቤአለሁ። ስለሆነም ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ድጋፎች እንዲደረጉለትና አፈጻጸሙም በየሩብ ዓመቱ እንዲገመገምልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ከስሩ «ግልባጭ» ብላችሁ የወረዳውን ትምህርት ጽህፈት ቤት ወይ የከተማውን ትምህርት መምሪያ ጻፉ። ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፣ አንዱ ላይ ገቢ መሆኑ ማህተም ይመታበትና ቤት ይቀመጥ። አልሰማ ካሏችሁ ህጉ ከናንተ ጋር ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ልጆችን በሚመለከት ሁሉ የልጁ ደህንነት ይቀድማል ይላል፣ ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፣ የስምምነቱ አንቀጽ 24 ስለ አካቶ ትምህርት ነው። በጠብ ግን አትጀምሩ፣ መጀመሪያ መምህሩ፣ ከዛ ርዕሰ መምህሩ፣ ከዛ ወመህ (የወላጅ መምህር ህብረት)፣ ከዛ ነው ጽህፈት ቤት።

«ክፍሉን ይድገም» ካሏችሁ «ሲደግም ምን የተለየ ነገር ይደረግለታል?» በሉ። መልስ ከሌለ ያው ያልገባውን ያንኑ ደግሞ ሊሰማ ነው፣ ታናናሾቹ መሃል ተቀምጦ። በነጻ ዝውውር ዝም ብሎ ማለፉም መፍትሄ አልሆነም፣ የኔው ልጅ እንዲያ ነው ሶስተኛ የደረሰው። የ6ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ደሞ ሩቅ አደለም፣ ለፈተናው ተጨማሪ ሰአት ወይ አንባቢ የሚጠየቅ ከሆነ በዛው አመት መጀመሪያ፣ ማስረጃ ይዞ ነው፣ ሰኔ ላይ የሚሰማችሁ የለም።

ሰባተኛ፦ ባለሙያ ፍለጋ

ደሴ ሆስፒታል የህጻናት ሐኪምም የአእምሮ ህክምና ክፍልም አለ። የክፍሉን ስም ፈርታችሁ አትቅሩ፣ እኔ በር ላይ ሰው እንዳያየኝ ነጠላዬን ተከናንቤ ነው የገባሁት፣ አሁን ሳስበው ልጄን ላድን ስሄድ ምን አስደበቀኝ? ይዛችሁ የምትሄዱት፦ ደብተራችሁ፣ የአይንና የጆሮ ውጤት፣ የድሮ ደብተሮቹ፣ ሰርተፍኬቱ፣ መምህሩ የጻፈው አንድ ገጽ። ለማንበብ እክል የሚዋጥ ኪኒን እንደሌለ እወቁ፣ ሐኪሙ የሚያግዛችሁ ሌላ በሽታ አለመኖሩን ለይቶ፣ ትኩረት ማጣት ካለ ለይቶ፣ ለትምህርት ቤቱ ወረቀት በመጻፍ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂ የሚያስተምሩትን፣ ደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ደሞ የልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚሰጡትን አስተማሪዎች ሄዶ መጠየቅ ነውር የለውም፣ ወልድያ ያላችሁም እዛው ዩኒቨርሲቲና ኮሌጅ አላችሁ። እኔ በር አንኳኩቼ ነው ያገኘሁት፣ የፊደል ህጉን ያሳየኝም እንዲህ ያገኘሁት መምህር ነው።

ዘመድ ሲናገር

ዓይነ ጥላ ነው ይሏችኋል፣ ቡዳ ነው ይሏችኋል። እናቴ ዱዓ አስደርጋለታለች፣ የአባቱ እህት ጸበል ወስዳዋለች፣ አልከለከልኩም፣ የኛ የወሎ ቤት እንዲህ ነው፣ ልጁም የሚወዱት ሰዎች እንዳሉት አየበት። ከዱዓውም ከጸበሉም ጎን 15 ደቂቃው አይቅር፣ መድኃኒት የታዘዘለትም አያቋርጥ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ «ትምህርት ይከፍታል» ተብሎ አብሾ እንዳታጠጡት። ከአስተናግር ነው የሚሰራው፣ መርዝ ነው፣ ልብ ያስመታል፣ የሌለ ነገር ያሳያል፣ ልጅ ይገድላል። ከጠጣ ደሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል።

ለልጁ ራሱ ደሞ ንገሩት። እኔ «ጭንቅላትህ ጎበዝ ነው፣ ፊደል የሚገባበት በር ብቻ ጠበብ ብሏል፣ እኔና አንተ እናሰፋዋለን» ነው ያልኩት። ዝም አለና «እማ፣ ታዲያ ደደብ አደለሁም?» አለኝ። ማን ደደብ እንዳለው አልጠየቅኩትም።

አሁን አምስተኛ ክፍል ነው፣ ቀስ ብሎ ያነባል፣ ረጅም ቃል ላይ አሁንም ይያዛል። መስከረም ላይ አዲስ መምህር ሲመጣ ሁሉም ነገር ከዜሮ ስለሚጀመር ጳጉሜ ላይ አንድ ገጽ አዘጋጃለሁ፣ ምን እንደሚችል ከላይ፣ ምን እንደሚቸግረው ከስር፣ ምን እንደሚጠቅመው መጨረሻ ላይ፣ የሐኪሙን ወረቀት ኮፒ አያይዤ በመጀመሪያው ሳምንት ለሆም ሩሙ በእጁ እሰጠዋለሁ። ዘንድሮ የላይኛውን መስመር ልጄ ራሱ ነው የጻፈው፦ «ሂሳብ እችላለው መንዙማ እችላለው»። «ለሁ» መሆን ነበረበት፣ አላረምኩትም፣ እንዳለ ሰጠሁት።